ጂቲኤክስ 970 እና ጂቲኤክስ 1060፦ ፍጥነታቸው ከመግለጫቸው ጋር አልገጥም ሲል

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲኤክስ 970 እና በ2016 የተከተለው ጂቲኤክስ 1060 የተባሉት የኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርዶች ዛሬም በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያገለግላሉ። ሁለቱን በመግለጫቸው ብቻ አነጻጽሮ አንዱን በሌላው የተካ ሰው የሚያገኘው ፍጥነት ከጠበቀው ሊለይ ይችላል። ልዩነቱ አንዳንዴ ከካርዱ አሠራር፣ አንዳንዴም ከብልሽት ይመነጫል፤ ካርዱን ከመፍታት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል። ከዚህ በታች 1060 ሲባል፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ ባለ 6 ጊጋባይቱ ማለት ነው።

ምልክት፦ በቁጥር የሚያንሰው ካርድ ይቀድማል

970 ካርድ 1664 ኩዳ ኮሮች (ስሌት የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች)፣ ባለ 256 ቢት የሜሞሪ መስመርና በሰከንድ 224 ጊጋባይት የማስተላለፍ አቅም አለው፤ 1060 ግን 1280 ኮሮች፣ 192 ቢትና በሰከንድ 192 ጊጋባይት ብቻ ነው። ይህም ሆኖ በአብዛኞቹ ጌሞች በሰከንድ ብዙ ፍሬም (ምስል) የሚያወጣው 1060 ነው።

መንስኤው የክሎክ ፍጥነት፣ ማለትም ቺፑ በሰከንድ የሚመታው ምት ብዛት ነው። በ28 ናኖሜትር የተሠራው የማክስዌል ትውልድ ካርድ፣ ማለትም 970፣ በይፋዊ መግለጫው እስከ 1178 ሜጋኸርዝ ሲደርስ፣ በ16 ናኖሜትር የተሠራው የፓስካል ትውልድ ካርድ፣ ማለትም 1060፣ ደግሞ 1708 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። እያንዳንዱ ኮር በአንድ ክሎክ ሁለት ስሌት ስለሚሠራ የኮሩ ብዛት በክሎኩና በሁለት ሲባዛ ለ970 ወደ 3.9፣ ለ1060 ወደ 4.4 ትሪሊዮን ስሌት በሰከንድ ይሰጣል። የሜሞሪ መስመሩ መጥበብም ያን ያህል አይጎዳውም፤ ፓስካል የቀለም መረጃን ከማክስዌል በተሻለ ስለሚያምቅ በዚያው መስመር የበለጠ ያሳልፋል። እዚህ ላይ የሚጠገን ነገር የለም። የተለያየ ትውልድ ያላቸውን ካርዶች በኮር ብዛት ብቻ ማወዳደር ዋጋ እንደሌለው ከተያዘ ይበቃል። ብዙዎቹ የ970 ስሪቶች ከይፋዊው በላቀ ክሎክ ስለተሸጡ ልዩነቱ ጠብቦ ቢገኝም አያስገርምም።

ምልክት፦ አማካዩ ፍሬም ጥሩ ነው፣ ምስሉ ግን በየመሃሉ ይንገጫገጫል

ይህ የ970 ልዩ ጠባይ ስለሆነ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ካርዱ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው ሲባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሜሞሪው እኩል ፍጥነት የለውም። ቺፑ ሲዘጋጅ ከሁለተኛ ደረጃ ካሹ (በቺፑ ውስጥ ካለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) አንድ ክፍል ስለተዘጋ፣ ከስምንቱ የሜሞሪ መቆጣጠሪያዎች የመጨረሻው መንገዱን ከጎረቤቱ ጋር ለመጋራት ተገዷል። በዚህም 3.5 ጊጋባይቱ በሰከንድ 196 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ የቀረው ግማሽ ጊጋባይት 28 ብቻ ያስተላልፋል። ኤንቪዲያ ይህን ያብራራው ካርዱ ለገበያ ከቀረበ ከወራት በኋላ፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ቀድሞ 64 ተብሎ የተገለጸው የአር.ኦ.ፒ (ፒክሰሎችን የሚያጠናቅቁ ክፍሎች) ቁጥር 56፣ 2 ሜጋባይት የተባለው ካሽም 1.75 ሜጋባይት መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ።

ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) በተቻለው መጠን ከ3.5 ጊጋባይት ላለማለፍ ይሞክራል፤ ጌሙ የግድ ሲጠይቅ ግን ቀርፋፋውን ክፍል ይነካል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሻገራል። አማካይ ፍሬምን ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ይህን ይሸፍነዋል፤ የሚታመነው እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ሚሊሰከንድ የሚያሳየው ግራፍ ነው። መስመሩ 16 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቆይቶ በየጥቂት ሰከንዱ ወደ 60 እና 80 ዘሎ የሚመለስ ከሆነ፣ በዚያው ቅጽበትም የሜሞሪ አጠቃቀሙ 3500 ሜጋባይት አልፎ ከታየ፣ መንስኤው ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

መፍትሄው የቴክስቸር (የነገሮችን ገጽ የሚሸፍኑ ምስሎች) ጥራትን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። የጥላን ወይም የብርሃንን ጥራት መቀነስ ፍሬም ይጨምር ይሆናል እንጂ ሜሞሪውን በበቂ ሁኔታ አያቃልልም። ከበስተጀርባ የተከፈተ ብራውዘርም ከዚሁ ሜሞሪ ስለሚወስድ ጌም ከመጀመር በፊት መዝጋት ይጠቅማል። ቴክስቸሩ ከተቀነሰ በኋላም መንገጫገጩ ካልቆመ ጥርጣሬው ወደ ሲፒዩና ወደ ራም መዞር አለበት።

ምልክት፦ 1060 ከ970 ያነሰ ፍጥነት ይሰጣል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካርዱ ማንነት ነው። ባለ 3 ጊጋባይቱ 1060 የሚያንሰው በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በኮርም ጭምር ነው፤ 1152 ኮሮች ብቻ አሉት። ለሁለት የተለያዩ ካርዶች አንድ ስም መስጠቱ ለገዢ ግራ የሚያጋባ ውሳኔ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ባዮሱ (በካርዱ ላይ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ተቀይሮ 1060 ነኝ እንዲል የተደረገ እጅግ አሮጌ ካርድ ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የኮሩን ቁጥር ያሳያል፣ የተቀየረ ስም ሲያገኝም ያስጠነቅቃል። ቁጥሩ 1280 ከሆነ ካርዱ የተባለው ነው። በዚያው መስኮት ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመርም ይታያል፤ ካርዱ ሥራ ሲፈታ የመስመሩ ትውልድ ወደ 1.1 ዝቅ ማለቱ ኃይል ለመቆጠብ ስለሆነ የሚያሳስብ አይደለም። በጭነት ጊዜም መስመሩ ባለ 4 ሆኖ ከቀረ ግን ካርዱ የተሰካው በተሳሳተ ቦታ ነው፤ ለሲፒዩ ወደሚቀርበው ረጅም ማስገቢያ መዛወር አለበት።

ምልክት፦ ጌሙ በጥሩ ፍጥነት ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ ይወርዳል

በጂፒዩ-ዚ የሴንሰር ገጽ ላይ ካርዱ ክሎኩን የገደበበት ምክንያት ይጻፋል። ሙቀት የሚል ከሆነ አቧራውን ማጽዳት፣ ፋኖቹ መዞራቸውን ማረጋገጥና ሙቀትን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ተርማል ፔስት ከደረቀ መቀየር ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ካርድ የፔስቱ መድረቅ የሚጠበቅ ነው። ኃይል የሚል ከሆነ ግን ካርዱ የተወሰነለት ጣሪያ ላይ ደርሷል ማለት ስለሆነ፣ በመደበኛ ክሎኩ እስከሠራ ድረስ እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

ምልክት፦ ጭነት ሲመጣ ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋል

ይህ የሚታየው በተለይ ከ1060 ወደ 970 ሲመለሱ ነው። የኤንቪዲያ መነሻ ንድፍ ለ970 ባለ 6 ፒን ሁለት ገመድ፣ 145 ዋትና የ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይጠይቃል፤ ለ1060 ግን አንድ ገመድ፣ 120 ዋትና 400 ዋት ይበቃል። ሁለተኛውን ገመድ ከሌላ መሰኪያ በመቀየሪያ መሳብ ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩን መተካት ነው የሚሻለው።

ምልክት፦ አዲሱ ድራይቨር አልጫንም ይላል

ለማክስዌልና ለፓስካል ካርዶች ሙሉ ድጋፍ የሰጠው የመጨረሻው የድራይቨር ተከታታይ 580 ነው፤ ከ590 ተከታታይ ጀምሮ ያለው ድራይቨር ሁለቱንም ካርዶች አያውቃቸውም። ስለዚህ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ የካርዱን ስም መርጦ የሚቀርበውን የ580 ተከታታይ ስሪት ማውረድና ሲጫን የቀድሞውን ሴቲንግ የሚያጠፋውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል።