"ቧንቧው አርጅቶ ነው" አትበሉ፦ የዝገት መከላከል ሥልጠና ለምትወስዱ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ውሃ መስመር ላይ ስሠራ ዓመታት አለፉ። ቧንቧ ፈነዳ ሲባል መጀመሪያ የምሰማው "አርጅቶ ነው" የሚል ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው። ዝገት ከዕድሜ ብቻ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቦዩ በተቆፈረበት ቀን እኛው የሠራነው ነገር አለ። ሥልጠና ስትገቡ ይህን ይዛችሁ ግቡ፣ የምትማሩት ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዝላችኋል።

አፈሩን ሳያዩ መቅበር ሌላው ነው። መረሬ (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ክረምት ውሃ አቁሮ ይይዛል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በአዊ በኩል ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዚሁ አይደል? ለስንዴ ያልተመቸ አፈር ለብረትም አይመችም። የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ) ከ1000 ኦም ሴንቲሜትር በታች ከወረደ በጣም ጎጂ ነው ተብሎ ይወሰዳል። አንዱ ቧንቧ ሁለት ዓይነት አፈር ካቋረጠማ፣ ራሱ ቧንቧው እንደ ባትሪ መሥራት ይጀምራል፣ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ያለው ጎን ይበላል።

አሁን በጣም የሚያንገበግበኝ ላይ ልምጣ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧ ላይ የናስ ቫልቭ በቀጥታ ማሰር። አንድ ጊዜ ቆፍረን ያወጣነው መስመር ከቫልቩ ራቅ ብሎ አዲስ ይመስላል፣ ከቫልቩ አጠገብ ያለው አንድ ስንዝር ግን በጣት ሲነካ ይፈረካከስ ነበር። ናሱ ምንም አልሆነም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ውስጥ ሲገናኙ ደካማው ለጠንካራው ይበላለታል፦ መጀመሪያ የዚንኩ ሽፋን ያልቃል፣ ቀጥሎ ብረቱ። መፍትሔው በመሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዩኒየን (ማያያዣ) ማስገባት ነው። ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው "የሚዝገውን ልቀባው" ብሎ ብረቱን ብቻ ይቀባል። ቀለሙ አንድ ቦታ ከተጫረ ጉዳቱ ሁሉ በዚያች ጭረት ላይ ይከማችና ቶሎ ይበሳል። መቀባት ካለባችሁ ሁለቱንም፣ ካልተቻለ ናሱን ቀቡ።

ስለ ቀለም ካነሳን፣ ጠዋት ጤዛ ያለበት ብረት ላይ አትቀቡ። የብረቱ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ (ጤዛ መፈጠር ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ አለበት። ሐምሌ ላይ በማለዳ የተቀባ የውሃ ታንከር አውቃለሁ፤ ጥቅምት ሲገባ ቀለሙ በጥፍር እንደ ቅርፊት ይላጥ ነበር። ቀለሙ ጥሩ ነበር፣ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው።

የማግኒዚየም አኖድ፣ ማለትም በቧንቧው ፋንታ እንዲበላ ከቧንቧው ጋር ተያይዞ የሚቀበረውን ብረት፣ ስትቀብሩ ደግሞ የውጭውን ፕላስቲክ አውልቁ! የጨርቁ ከረጢት ይቆያል፣ ፕላስቲኩ ይወጣል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ ከዚያ ይቀበራል። ከነፕላስቲኩ ከተቀበረ ባዶ ጉድጓድ እንደቀበራችሁ ቁጠሩት።

የተቀበረ ቧንቧን ኤሌክትሪክ በመስጠት ከዝገት መጠበቅም አለ፤ ካቶዲክ መከላከያ ይባላል። እዚህ ላይ ቮልት ስታነቡ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ማሽን እየሠራ የወጣውን ቁጥር አትመኑ። አፈር ላይ በሚቆም የመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ (የማነጻጸሪያ መለኪያ) ሲለካ መስፈርቱ −0.85 ቮልት ነው፤ ግን አፈሩ ራሱ ቁጥሩን ያሳምረዋል። ማሽኑን አጥፍታችሁ ወዲያው በዚያችው ቅጽበት አንብቡ። ኤሌክትሪኩን ከመጠን በላይ መስጠትም ሽፋኑን ከብረቱ ያላቅቀዋል።

ነዳጅ ላይ የምትሠሩ፣ ከናፍጣው ታች ያለችውን ውሃ አትርሱ። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ታንከሩም ከውስጥ፣ ከታች ይበሳል። ጋዝ መስክ የምትገቡ ደግሞ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ በአፍንጫ አትለኩ፤ መጠኑ ሲበዛ ማሽተቱን ራሱ ያጠፋዋል። መለኪያው ደረታችሁ ላይ ይሁን።

ኮርስ ስትመርጡ "ናሴ" (NACE) የሚለውን ስም ብቻ አትከተሉ፤ ይህ የዝገት ባለሙያዎች ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋህዶ ኤኤምፒፒ (AMPP) ሆኗል። የሽፋን ተቆጣጣሪነትና የካቶዲክ መከላከያ ሥልጠና የተለያዩ ናቸው። ሥራችሁ ታንከር ማስቀባት ከሆነ የመጀመሪያውን፣ የተቀበረ መስመር ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ።

የተቆረጠችውን የቧንቧ ቁራጭም አትጣሏት። ሰፈሩን፣ ጥልቀቱን፣ ቀኑንና የአፈሩን ዓይነት በማርከር ጻፉባት። እኔ ጋ በጆንያ አሉ፤ አዲስ መስመር ከመዘርጋታችን በፊት የዚያን ሰፈር ቁራጭ አውጥቼ ከልጆቹ ጋር አብረን እናያታለን።