ፖታሲየም ፎስፋይትን በድንች ማሳ ላይ እንዴት መርጨት ይቻላል

በደሴ ዙሪያና በኩታበር ደጋ ድንች የሚያለማ ገበሬ ክረምቱ ሲገባ ሐሳብ የሚገባው ምች በሚባለው የድንች በሽታ ምክንያት ነው፤ ጉምና ዝናብ ከተከታተሉ ለምለሙ ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቁሮ ይረግፋል። ፖታሲየም ፎስፋይት ይህን በሽታ በመከላከል ረገድ ጠቃሚ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይሻል።

በመጀመሪያ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ፎስፋይት» ወይም «ፎስፎኔት» የሚለውን ይፈልጉ፤ «ፎስፌት» ከሆነ ማዳበሪያ እንጂ የበሽታ መከላከያ አይደለም። ፎስፋይትን ተክሉ እንደ ፎስፎረስ ምግብ ሊጠቀምበት ስለማይችል፣ ይህን ረጨሁ ብሎ የተለመደውን ማዳበሪያ መቀነስ ሰብሉን ይጎዳል።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ፎስፋይት የምቹን ተውሳክ እድገት ከመግታቱም በላይ የተክሉን የራሱን መከላከያ ያነቃቃል፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በሽታው ሳይገባ ቀድሞ ሲረጭ ነው። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ፣ ከሥሩም በማለዳ ነጭ ሻጋታ ከታየ በኋላ የሞተውን ቅጠል የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ተክሉ ቅጠሉን አስፍቶ ዝናቡ መዘውተር ሲጀምር ይርጩ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ተገፎ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ቅጠሉ መድኃኒቱን የሚስብበት ጥቂት ሰዓት ያስፈልገዋልና።

መጠኑን ከዕቃው ላይ ይውሰዱ፤ ለምሳሌ ለ1 ሊትር ውሃ 2.5 ሚሊ ሊትር ቢል፣ ለባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በጠርሙስ ክዳን መለካት ቢለመድም፣ ክዳኖች እኩል ስላልሆኑ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መስፈሪያ መግዛት ይሻላል፤ ከልኩ የበዛ መድኃኒት የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥላል። መርጫውን በውሃ ግማሽ ሞልተው መድኃኒቱን ይጨምሩ፣ አማስለው ቀሪውን ውሃ ይሙሉ። ከመዳብ መድኃኒት ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ አሲድነቱ መዳቡን አሟሙቶ ቅጠሉን ሊያነድደው ይችላል። ውሃ የጠማውን ማሳም አይርጩ።

ጓንትና ሙሉ ልብስ ለብሰው የቅጠሉን ላይና ታች በመድኃኒቱ ያርጥቡ። ፎስፋይት በተክሉ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚጓዝ ለድንቹ ፍሬ ሳይቀር ጥቂት ጥበቃ ያደርጋል። በዕቃው ላይ በተጻፈው የቀናት ልዩነት ይድገሙ፣ በመካከሉም ማንኮዜብን የመሰለ ሌላ መድኃኒት እያፈራረቁ ይርጩ፤ የመርጫውን እጣቢ ደግሞ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርዱት ጅረቶች አጠገብ አይድፉ።