አልት ኪው ስትጫኑ ዝርዝሩ ለምን ይጨፈለቃል?

ሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ምግብ ቤት ላለው ጓደኛዬ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሜኑ እየጻፍኩለት ነበር። 1. ዓሣ ለብለብ፣ ከስሩ 2. ዓሣ ጉላሽ፣ ከስሩ 3. የዓሣ ሾርባ። ከላይ ያለው የመግቢያ አንቀጽ መስመሩ ወጣ ገባ ስለነበር ላስተካክለው ብዬ አልትና ኪውን ተጫንኩ። ሜኑው በሙሉ ከመግቢያው ጋር ተለጥፎ አንድ አንቀጽ ሆነ። እንዲህ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። ኮንትሮል ኤክስ፣ ቀጥሎ ዩ ስትጫኑ ይመለሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢማክስ በተራ የጽሑፍ ሞድ (የአሠራር ሁኔታ) ላይ ዝርዝር የሚባል ነገር አያውቅም። ለእሱ አንቀጽ ማለት ባዶ መስመር እስኪመጣ ድረስ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው በኋላ ባዶ መስመር ተዉ፤ በየተራ ቁጥሩ መካከልም እንደዚያው። ዝርዝሩ እንዲራራቅ ካልፈለጋችሁ የማርክዳውን (ርዕስና ዝርዝርን በቀላል ምልክቶች የሚያመለክት የአጻጻፍ ስልት) ሞድ ጫኑ። እሱ ተራ ቁጥሩን ለይቶ ያውቃል።

በቁጥር ፋንታ ሰረዝ ከተጠቀማችሁ ጉዳቱ ይለያል፤ ለእኔ ይሄኛው ይብሳል። ኢማክስ ሰረዙን የየመስመሩ መነሻ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ሁሉንም ይቀላቅልና አዲስ መስመር በጀመረ ቁጥር ሰረዝ ይለጥፍበታል። ላይ ላዩን ሲታይ አሁንም ዝርዝር ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታነቡት ግን ለብለብና ጉላሽ አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ሾርባው ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል። መፍትሄው ያው ባዶ መስመር ነው። ፋይሉን ለሰው ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ አንብቡት።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ያልጻፋችሁት ዝርዝር ይፈጠራል። «ሐዋሳ - ሻሸመኔ» ብላችሁ በሰረዙ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ትታችኋል እንበል። አንቀጹ ሲስተካከል መስመሩ ሐዋሳ ላይ ያልቅና ቀጣዩ በ«- ሻሸመኔ» ይጀምራል። ማርክዳውን ይህን ሲያነብ ሻሸመኔን ከአንቀጹ ነጥሎ የዝርዝር ነጥብ ያደርጋታል። ክፍት ቦታውን አጥፍታችሁ «ሐዋሳ-ሻሸመኔ» ብላችሁ ጻፉት። ክፍት ቦታው የግድ ካስፈለገ ከሰረዙ በፊት ኮንትሮል ኤክስ፣ 8፣ ስፔስ ተጫኑ። ይህ የማይሰበር ክፍት ቦታ ነው፤ መስመሩ እዚያ ላይ አይቆረጥም።

ሌላው የኛው የአጻጻፍ ልማድ ነው። ሀ. ለ. ሐ. ብለን እንዘረዝራለን፤ ወይም 1ኛ፣ 2ኛ እንላለን፤ አንዳንዱም 1፤ ብሎ በድርብ ሰረዝ ይጽፋል። ማርክዳውን አንዱንም አይቀበልም፤ ፩ እና ፪ም አይገቡትም። እሱ የሚያውቀው ከ1 እስከ 9 አሃዝ ያለው ተራ ቁጥር ሆኖ ከኋላው የላቲን ነጥብ ወይም መዝጊያ ቅንፍ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ሲከተለው ነው። ሀ ለ ሐ የግድ ካስፈለጋችሁ እያንዳንዱን ራሱን የቻለ አንቀጽ አድርጉት።

መስመሮቹ ያለ ቅጥ አጥረው ከመጡ ደግሞ በምን እንዳስተካከላችሁት አስታውሱ። ሊኑክስ ላይ ያለው ኤፍኤምቲ የሚባለው ትእዛዝ በብዛት የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት መለኪያ ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የትእዛዙ የመስመር ልክ 75 ስለሆነ አንድ መስመር የሚይዘው 25 ፊደል ያህል ብቻ ይሆናል። ለአማርኛ የኢማክስን ማስተካከያ ተጠቀሙ። የእሱ ልክ 70 ነው። ከሰፋባችሁ ኮንትሮል ዩ፣ 50፣ ኮንትሮል ኤክስ፣ ኤፍ ብላችሁ አጥብቡትና አልት ኪውን እንደገና ተጫኑ።