ቤት ውስጥ ያደገ የፍራፍሬ ችግኝ ወደ ደጅ እንዴት ይወጣል?

ከዘር ያበቀላችሁት አቮካዶ፣ ማንጎ ወይም ሎሚ መስኮት ሥር ሆኖ ሲያምርባችሁ «አሁንማ ፀሐይ ያግኝ» ማለታችሁ አይቀርም። ግን አትቸኩሉ። እኔ አንዱን አቮካዶዬን ጠዋት አውጥቼ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተውኩት። ማታ ሳየው የላይኞቹ ቅጠሎች መሃላቸው ነጣ ብሏል። ከቀናት በኋላ ነጩ ቡናማ ሆነ፤ ስነካው እንደ ደረቅ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። በጣም አዘንኩ።

ክፍሉ ለዓይናችን ብሩህ ይመስላል። ነገር ግን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ሲደርስ፣ ከመስኮቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ብርሃን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሺህ አያልፍም። እዚያ የወጣ ቅጠል ስስ ነው፤ ላዩን የሚሸፍነው ሰም መሰል ልባስም የሳሳ ነው። ግንዱም ነፋስ አያውቅም። ስለዚህ ከ10 እስከ 14 ቀን ማለማመድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሌሊቱን ብርድ እዩ። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚወርድ ከሆነ እነዚህ ችግኞች ውጭ አይደሩ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነፋስ የማይበዛበት ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት አቆይታችሁ መልሷቸው። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያግኙ፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ ጨምሩ። የቀትሩ ፀሐይ የመጨረሻው ይሁን። ቅጠሉ ነጣ ማለት ከጀመረ ወደ ጥላ መልሱትና ሁለት ቀን ታገሡት። የተቃጠለው ቦታ አረንጓዴ አይሆንም፤ ግን ቅጠሉን አትቁረጡት፣ ደህና የቀረው ክፍል ችግኙን ይመግባል።

ውጭ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። በየቀኑ ጣታችሁን ከተታችሁ እዩ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ።

መሬት ላይ የምትተክሉ ከሆነ አመሻሽ ወይም ደመናማ ቀን ምረጡ። ጉድጓዱ ወርዱ ችግኙ ያደገበትን ማሰሮ እጥፍ፣ ጥልቀቱ ግን ልክ ያህሉን ይሁን። ዙሪያውን የተጠመጠመ ሥር ካለ በቀስታ ፍቱት። ግንዱን በአፈር አትቅበሩ፤ ይበሰብሳል። በደንብ አጠጡና ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፣ ግንዱን ግን አይንካ።

ለማዳበሪያ አትጣደፉ። ደጅ ከወጣ በኋላ የሚያበቅለው ቅጠል ወፈር፣ ጠንከር ያለ ነው። እሱ ብቅ ሲል ትንሽ ስጡት።