ሜታል አብሮ ለማድመጥ፣ በክፉ ባንዶችም ሳይኳረፉ ለመከራከር

ሜታል የሚባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ለማድመጥ፣ ዘረኛ ወይም ወንጀለኛ በሆኑት ባንዶቹም ላይ ለመከራከር ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ ጥቂቶች ያወራሉ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዘፈን ያምጣ፦ አንዱ ሰሞኑን ደጋግሞ የሰማውን፣ ሌላው ጓደኞቹ እንዲያውቁለት የሚፈልገውን። ስምንት ሰው 16 ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በአማካይ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ 80 ደቂቃ ነው። የቀረው ለወሬና ለቡና ይሆናል። ዱም ከሚባለው ቀርፋፋ የሜታል ዓይነት የ20 ደቂቃ ዘፈን ያመጣ ሰው ሁለቱንም ዕድሉን እንደተጠቀመ ይቆጠርበት።

ዘፈኖቹ እስከ ሐሙስ ማታ ወርደው ያልቁ። ባሕር ዳር ላይ በቀጥታ ከኢንተርኔት ለማጫወት ማሰብ መብራት ወይም ኔትወርክ በሄደ ቁጥር መቆም ነው። በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አንድ ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ስለሚይዝ ሙሉው ዝርዝር 200 ሜጋባይት አይሞላም። ስፒከሩ ባትሪ ያለው ይሁን፣ አርብ ማታ ቻርጅ ይደረግ፤ የሚያጫውተው ስልክም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን።

ባዶ ግድግዳና የስሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ሜታልን ያበላሻል። በጣም በፍጥነት የሚመታ የእግር ከበሮ እዚያ ውስጥ ምቱ ተደበላልቆ እንደ ሩቅ ጀነሬተር ያጓራል። ስፒከሩን ከጥግ አውጡና ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል አርቁት፤ የወፍራሙ ድምፅ መንጎድ ወዲያው ይቀንሳል። የሲምባሉን (ከከበሮው ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን) ማስተጋባት ደግሞ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢና መሬት ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ይውጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጊታሩ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ከመጨመር እስኪያባራ ቡናውን አስቀድሙ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀረጹ አልበሞች ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከወጡት ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ በየዘፈኑ ካላስተካከላችሁ አሮጌው ዘፈን ደካማ መስሎ ያለጥፋቱ ይናቃል። በስልክ የድምፅ መለኪያ 85 ዴሲቤል አካባቢ መቆየት ለጆሮም ለጎረቤትም ይበጃል።

ለዚህ ሙዚቃ አዲስ የሆነ እንግዳ ካለ ዲስቶርሽን የሚባለው የጊታሩ ሻካራ ድምፅ ምን እንደሆነ በበገና አስረዱት። የበገናን አውታር የሚያነዝረው ከሥሩ የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው ነው። እንዝራው ሲወጣ በገናው ቀጥ ያለና ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ ሲገባ ድምፁ ይወፍራል፣ ይነዝራል። ጊታሩም ላይ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ንዝረት ነው።

ዘፈን ያመጣ ሰው ከፋይሉ ጋር አንድ ወረቀት ይያዝ፦ የባንዱን ስም፣ አገሩን፣ ዓመቱን፣ ግጥሙ የሚለውንም በሁለት መስመር አማርኛ። ይህች ወረቀት ከስፒከሩ ትበልጣለች። ዴዝና ብላክ ሜታል በሚባሉት ዓይነቶች ድምፃዊው ስለሚያጓራ ቃሉ አይለይም፤ ሰው ለዓመታት ራሱን እየነቀነቀ የሰማው ዘፈን ምን እንደሚል ሳያውቅ ይኖራል። ግጥሙ በኖርዌይ ወይም በፖላንድ ቋንቋ ከሆነ በሁለት የተለያዩ መተርጎሚያዎች አስተያዩት፤ የማሽን ትርጉም ግፍን መተረክን ግፍን ማወደስ ሊያስመስለው ይችላል። የባንዱን ቃለ ምልልስና አሳታሚው ሌሎች ምን ዓይነት ባንዶችን እንደሚያወጣም ተመልከቱ።

የአልበሙ ሽፋን ላይ አሉ ወይ ተብለው መታየት ካለባቸው የናዚ ምልክቶች አንዱ 88 ነው፤ ኤች (H) በላቲን ፊደል ስምንተኛ ስለሆነች «ሃይል ሂትለር» ማለት ነው። 12 ጨረር ያላት ጥቁር ፀሐይና ኤስ ኤስ የሚባለው የናዚ ጦር ጥንድ መብረቅም አሉ። የጥንቱ የስካንዲኔቪያ አምላክ የቶር መዶሻና የዚያው አገር የጥንት ፊደላት ግን ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም፤ ስለ ጥንት አማልክት የሚዘፍኑ ዘረኛ ያልሆኑ ባንዶች ብዙ ናቸው። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የባንድ ቲሸርት የሚገዛም ከመልበሱ በፊት ይህንኑ ይመርምር።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚበላሸው የተለያየ ጥፋት በአንድ ስም ሲጠራ ነው። ስሌየር የተባለው ባንድ በ1986 እ.ኤ.አ. በኦሽዊትዝ የናዚ እልቂት ካምፕ ስለነበረው ሐኪም ስለ ሜንገሌ በመዝፈኑ ናዚ ተብሏል። ግጥሙ ሲነበብ የሰውየውን ግፍ ይዘረዝራል፤ «በግልጽ አላወገዘም» የሚል ሰው ነጥብ አለው፣ «አወደሰ» የሚል ግን አላነበበም። የፓንተራ ባንድ ድምፃዊ ፊል አንሰልሞ በ2016 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ የናዚ ሰላምታ ሰጥቶ የነጭ የበላይነት መፈክር ጮኸ፣ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ከይቅርታው በኋላ ምን አደረገ የሚለው ነው። የጀርመኑ አብሱርድ ሌላ ነው፦ አባላቱ በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ ታዳጊ ገድለው የታሰሩ፣ ስሙም ከኒዮ ናዚ ብላክ ሜታል ጋር የተቆራኘ ባንድ ነው። እንዲህ ያለው ለክርክርም አይቀርብም፣ አይጫወትም።

የሚያስቸግረው በርዙም፣ የኖርዌዩ የቫርግ ቪከርነስ የአንድ ሰው ባንድ ነው። ቪከርነስ ሜይሄም የተባለውን ባንድ ጊታሪስት በመግደልና አብያተ ክርስቲያናት በማቃጠል በ1994 እ.ኤ.አ. 21 ዓመት ተፈርዶበት በ2009 ወጥቷል፤ ዘረኝነቱንም አልደበቀም። «ግጥሙ እኮ ፖለቲካ የለበትም» የሚለው መከራከሪያ በአብዛኛው ልክ ነው፤ አያድነውም እንጂ። በወረራ ዘመን ቅርስ የሚሸሸግባቸው ገዳማት ባሉባት በጣና ዳር፣ አባቱ ቄስ የሆነ ጓደኛ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ ሰው ሙዚቃ ከፍቶ «ድምፁን ብቻ ስማ» ማለት ነውር ነው። የዚያን ዘመን የኖርዌይ ድምፅ ማሰማት የሚፈልግ የኡልቨርን የመጀመሪያ አልበም ወይም ኢንስሌቭድን ያምጣ። የጥቁሮችን የባርነት ዘመን ዜማ ከብላክ ሜታል ጋር ያዋሐደው ዚል ኤንድ አርዶርም አለ። የሰይጣን ሥዕልን እንደ ቲያትር የሚጠቀም ባንድ ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱን አስቀድሞ መናገርና የማይፈልግ ሰው ቢወጣ አለመቀየም ይበቃል።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ሰው አይጠፋም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ የጨረሰው ፋሽስት ነው። በዚያው ልክ፣ ኖርዌያዊውን በሰፈራችሁበት ቁና የአገራችንንም ዘፈን ስፈሩ፦ አንድን ብሔር የሚሰድብ ዘፈን በየትኛውም ቋንቋ ይምጣ፣ በዚያው ክፍል አይጫወትም። ይህን መጀመሪያ ካልተስማማችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ክርክሩን በቡናው ስኒ ገድቡት። አቦል ላይ ያመጣው ሰው ብቻ ወረቀቱን ያነባል፣ ማንም አያቋርጠውም። ቶና ላይ ይከራከራል፤ መጀመሪያ የሚናገረው ነገሩ በቀጥታ የሚነካው ሰው ነው። በረካ ላይ ይወሰናል፦ ይጫወታል፣ አይጫወትም ወይም ማስረጃ ተፈልጎ በሌላ ቅዳሜ ይታያል። ውሳኔውን ከነምክንያቱና ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ያለዚያ ያው ጭቅጭቅ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። ድምፅ ብልጫ አትጠቀሙ፤ ሰባት ሰው አንዱን ሲረታው ያ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀራል።

ገንዘብን በተመለከተ «ሙዚቃውን መግዛት ባንዱን መደጎም ነው» የሚለው የውጭዎቹ ክርክር እዚህ ብዙ አያስኬድም። እኛ ጋ ሙዚቃ በአብዛኛው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስለሚሄድ ለባንዱ የሚደርሰው ሳንቲም የለም፤ የሚዛመተው ስሙና መልእክቱ ነው። ስለዚህ ስትገለብጡ ሙሉ ፎልደር አትስጡ። አንድ አልበም ሁለት ባንድ ተካፍሎ የሚያወጣበት ልማድ ስላለ፣ የምትወዱት ባንድ ሥራዎች በሙሉ ሲገለበጡ ያልፈለጋችሁት ባንድ ግማሽ አልበም አብሮ ይገባል። የተመረጡትን 16 ዘፈኖች ብቻ በአዲስ ፎልደር አድርጉ፣ የወረቀቶቹን ፎቶም እዚያው ጨምሩ፣ ከዚያ ፍላሹን አቀብሉ።