በደሴና በኮምቦልቻ የሚኖሩ ተጠራጣሪዎችና እምነት የለሾች እንዴት ይሰባሰቡ?

በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ፣ በአንድ ቅሬ (እንደ እድር ባለ የለቅሶና የቀብር መረዳጃ ማኅበር) ሬሳውን እየቀበረ ኖሯል። ስለዚህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሃይማኖትን የሚጠራጠር ሰው መሰሎቹን ማሰባሰብ ሲያስብ ከቅሬው እንዳይወጣ አጥብቄ እመክራለሁ፤ መዋጮውን ይክፈል፣ ለቅሶ ይድረስ፣ ምክንያቱም ጎረቤት በደግም በክፉም ቀን የሚያውቀው ሰው የተለየ ሐሳብ ቢናገር እንኳ የሚያዳምጠው አያጣም።

ስብሰባውን ለመጀመር የሚተማመኑ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ይበቃሉ። የአንዱን አቋም ያለ ፈቃዱ ለሌላ ሰው አለመንገር የመጀመሪያው ስምምነት ይሁን፤ ወሬው ከራሱ አንደበት ሳይሆን ከመንደር ሰው ሰምተው ቤተሰቦቹ ያወቁበት ወጣት ከቤቱ ሊባረር ይችላልና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የማሰብና የሕሊና ነፃነትን ያረጋግጣል፤ ይሁን እንጂ ከእናት ጋር የሚደረገውን ንግግር ሕግ አያቀልለውም፤ እሱ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል።

በውይይት ጊዜ «ይህን በምን አወቅን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የአማኙን ክብር መንካት ግን አይገባም። ቡና ተፈልቶ ሽማግሌ ሲመርቁ በአክብሮት ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ «አሜን» ማለትን አለማለትን ለየሰው ሕሊና መተው ይሻላል።