ተጣሞ የገጠመ የልጆች ክርን ሲቃና መደገም የሌለባቸው ስህተቶች

ልጅ ወድቆ የላይኛው ክንዱ አጥንት ከክርኑ ከፍ ብሎ ይሰበራል። ከዚያ ወጌሻ ያሸዋል፣ ወይም ስብራቱ ጄሶ ውስጥ እንዳለ ይንሸራተትና ተጣሞ ይገጥማል። ክንዱ ሲዘረጋ ወደ ገላ ያጋድላል። ማቃኛው ከውጭ በኩል ሽብልቅ አጥንት አውጥቶ ክፍተቱን መዝጋት ነው።

ትልቁ ጥፋት ልኬቱ ላይ ነው። ክርኑ በ15 ዲግሪ ወደ ውስጥ ከጎበጠ፣ ጀማሪው 15 ዲግሪ ያቃናና ጨረስኩ ይላል። የልጁ ጤነኛ ክንድ ግን 10 ዲግሪ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው፤ የሚፈለገው 25 ነው። ጤነኛው ክንድ ሳይለካ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገባው ለምንድን ነው? ኤክስሬዩም ክርኑ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ካልተነሳ አንግሉ ይዋሻል። ቀጥሎ ደግሞ «አንድ ዲግሪ፣ አንድ ሚሊሜትር» የምትባለው ደንብ ትመጣለች፤ ለአንድ ዲግሪ እርማት ከሽብልቁ ወፍራም ጎን አንድ ሚሊሜትር አውጣ ማለት ናት። እሷ የምትሠራው 57 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ላለው አጥንት ነው። 35 ሚሊሜትር በሆነ የልጅ አጥንት ላይ 25 ሚሊሜትር ከወጣ፣ እርማቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ትክክለኛው ስፋቱን በ25 ዲግሪ ታንጀንት ማባዛት ነው፤ 16 ሚሊሜትር ይመጣል። ታንጀንት የሚያወጣ ማስያ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ። ስፋቱን ከኤክስሬይ ሳይሆን ከአጥንቱ ላይ በማስመሪያ ውሰዱ፤ ኤክስሬይ ያጎላል።

የታችኛው ቁርጥ ከክርን ጉድጓድ (ክርን ሲዘረጋ የክርኑ ጫፍ ከሚገባበት የአጥንት ስርጉድ) አይጠጋ፤ ጠባሳው መታጠፍና መዘርጋትን ያግዳል። የውስጥ ጠርዙን ጥቂት ሚሊሜትር ሳትቆርጡ ተዉት፣ ማጠፊያ ይሆናል። ሽብልቁ ትልቅ ሲሆን ግን በውጭ በኩል ጉብታ ይቀራል፤ ያኔ ማጠፊያውን ሰብሮ የታችኛውን ክፍል ወደ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል።

ኬ-ዋየሮቹ፣ ማለትም የተቆረጠውን አጥንት አጣብቀው የሚይዙት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች፣ በቁርጡ መስመር ላይ ከተገናኙ የአጥንቱን መሽከርከር አይከለክሉም። ተራርቀው ይለፉ፣ የማዶውን ጠርዝም ይብሱ። ከውስጥ በኩል ሽቦ የግድ ከሆነ፣ ትንሽ ከፍታችሁ ኡልናር ነርቭን (በክርን ውስጠኛ ጎን ከኋላ የሚያልፈውን ነርቭ) በዓይናችሁ እዩ፤ ክርኑንም ዘርጋ አድርጉት፣ ሲታጠፍ ነርቩ ወደ ፊት ይመጣል።

ክርኑ ገና ግትር እያለ አትቸኩሉ። ከጉዳቱ በኋላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው።

ጥመቱ በየጊዜው እየባሰ ከሄደ የእድገት መስመሩ (አጥንት የሚያድግበት የለጋ አጥንት ክፍል) ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ ሽብልቅ ብቻውን ካወጣችሁ ይመለሳል።

ለወላጅ «ሲያድግ ይስተካከላል» ማለት ስህተት ነው፤ ወደ ጎን የሄደ ጥመት በእድገት አይቃናም። መታጠፍ የጎደለው ልጅም በጎን ሽብልቅ ብቻ መታጠፉን አያገኝም፤ ቁርጡ ከፊትና ከኋላም መታሰብ አለበት።

ሽቦው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ መግጠሙ በኤክስሬይ ከታየ በኋላ ይወጣል። ከዚያ ልጁ በራሱ ያንቀሳቅሰው። በጉልበት መዘርጋትና ማሸት ጡንቻ ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ይህን ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ለእናትም ለአያትም ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ወጌሻ የሚወስዱት አያት ናቸው።